በፖሊመር የተዘጋጀ የጸረ ተባይ መድኃኒት ፓተንት የሚገባው መቼ ነው?

የጸረ ተባይ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ ከውጭ አገር ፋብሪካዎች ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል ባንድ ዓይነት ቃል የተጻፉ በየጊዜው ያጋጥሙታል። ደብዳቤው «ይህ መድኃኒት በአዲስ የፖሊመር ዘዴ የተዘጋጀና በፓተንት የተጠበቀ ስለ ሆነ ዋጋው ከቀድሞው ከፍ ያለ ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜም «ይህን የሚመስል ዕቃ ከሌላ ፋብሪካ ቢያስመጡ በሕግ ይጠየቃሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይታከልበታል። ነጋዴው ግን በበርሜሉ ውስጥ ያለው ዋናው መድኃኒት አባቱ ሲሸጠው የነበረው መሆኑን ያውቃል። ታዲያ አሮጌው መድኃኒት በምን ምክንያት አዲስ ፈጠራ ሊባል ቻለ? ለልዩነቱስ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ይገባልን? ማስጠንቀቂያውስ የሚያስፈራ ነውን? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት በቅድሚያ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም የፓተንት ሕግ አዲሱን ከቀደመው እንዴት እንደሚለይ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲጠቀስ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ብዙዎቹ ጸረ ተባይ መድኃኒቶች ከውሃ ጋር አይስማሙም። ገበሬው ግን የሚረጨው በውሃ በጥብጦ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ፋብሪካው መድኃኒቱን ከነዳጅ ዘይት በሚወጣ እንደ ዛይሊን ባለ ፈሳሽ ያሟሟውና ዘይትና ውሃን የሚያስታርቅ፣ በጠባዩ ሳሙናን የሚመስል አዋሃጅ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው ዝግጅት በጀሪካኑ ውስጥ ሳለ ጥርት ያለ ዘይት ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ሲፈስ ግን ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። ይህ ነጭ ፈሳሽ ኢመልሽን ይባላል፤ ይኸውም እጅግ ደቃቅ የሆኑ የዘይት ነጠብጣቦች በውሃ ውስጥ ተበትነው የሚቆዩበት ድብልቅ ማለት ነው። ወተትም ራሱ ከዚሁ ወገን ነው። ባለ ሱቆች በመለያው ወረቀት ላይ ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ የሚያዩት «ኢ.ሲ.» የሚል ምልክት ይህን በውሃ ሲበጠበጥ ወደ ኢመልሽን የሚለወጠውን ዝግጅት ያመለክታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ራይሊና ሄንሪ ሀባርድ የተባሉት አሜሪካውያን የነፍሳት ሊቃውንት በ1880ዎቹ ዓመታት የብርቱካን ዛፍ ተባይን ለማጥፋት ግማሽ ፓውንድ ሳሙና ባንድ ጋሎን ፈላ ውሃ አሟምተው፣ ሁለት ጋሎን ላምባ ጨምረው እንደ ወተት በመናጥ የሚረጭ መድኃኒት እንዲዘጋጅ አስተምረዋል። እንግሊዛዊው ስፔንሰር ፒከሪንግም በ1907 ስለ ኢመልሽን ጠባይ ያሳተመው ጥናት የፍራፍሬ ዛፍ መርጫዎችን ሲመረምር ያገኘው ነው። እንግዲህ ዛሬ አንድ ፋብሪካ ዘይትን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ተባይ የሚገድል ፈጠራ አገኘሁ ቢል የሚሰማው የለም። ፓተንት ከፈለገ ከዚህ የበለጠ ነገር ማምጣት አለበት።

ይሁን እንጂ የተለመደው ኢ.ሲ. ጉድለት አለው። አሟሚው ፈሳሽ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ሽታው ከባድ ነው፤ መድኃኒቱም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳዋል። ይህን በመጋዘን ያከማቸው ነጋዴ፣ ከእርሱም ይልቅ ጀሪካኑን ከመኪና የሚያወርደው ወዛደር ያውቀዋል። ፖሊመር ወደ ሥራው የገባው ይህን ጉድለት ለማረም ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ የኬሚካል ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ናይሎንና ፕላስቲክ ሰው የሠራቸው፣ ጄላቲንና የግራር ሙጫ ደግሞ ከተፈጥሮ የሚገኙ ፖሊመሮች ናቸው። በጸረ ተባይ ዝግጅት ውስጥ ፖሊመሩ አንዳንድ ጊዜ የዘይቱን ነጠብጣቦች ዙሪያቸውን ከቦ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ይጠብቃል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በየነጠብጣቡ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ሆኖ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ወይም የተረጨውን ከቅጠሉ ጋር አጣብቆ ዝናብ እንዳያጥበው ይከላከላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥቅም መኖሩ ብቻ ግን ለፓተንት አይበቃም።

በብዙ አገሮች ሕግ ፓተንት የሚሰጠው ሦስት ነገር ለተሟላለት ፈጠራ ነው፤ አዲስ መሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው መሆንና በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 123/1987 የደነገገው ይኸንኑ ነው። ሦስተኛው ነገር ለጸረ ተባይ መድኃኒት እምብዛም አያስቸግርም። አዲስነትም የሚፈርሰው ፈጠራው በሙሉ ባንድ ቀደም ያለ ጽሑፍ ወይም ዕቃ ውስጥ ተገልጾ ሲገኝ ስለ ሆነ፣ ከቀድሞው ድብልቅ ጥቂት ነገር የለወጠ ሰው በዚህ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። ከባዱ ሁለተኛው ነው። መርማሪው ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት በዓለም ላይ የታወቀውን ሁሉ፣ በሕግ ቋንቋ «ቀዳሚ ጥበብ» የሚባለውን፣ በጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ከዚያም ይህን ሁሉ የሚያውቅ፣ በሙያው የሠለጠነ ተራ ባለሙያ ወደ አዲሱ ድብልቅ በገዛ እጁ ለመድረስ ይችል እንደ ነበረ ይመረምራል። ይችል ነበር ከተባለ፣ ድብልቁ የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን ፓተንት አይገባውም።

ይህ ደንብ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት በየነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ከሚገኝ ዕቃ መነሣት ይቻላል። ያለ ካርቦን የሚገለብጠው የደረሰኝ ወረቀት የተገኘው የሒሳብ መመዝገቢያ መኪና በሚሠራው በናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ውስጥ ነው። የኩባንያው ኬሚስት ባሬት ግሪንና ባልደረባው በ1957 ባገኙት ፓተንት ውስጥ ዘይት በዓይን በማይታዩ ካፕሱሎች እንዴት እንደሚታሸግ ገልጸዋል። የካፕሱሎቹ ቅርፊት ከጄላቲንና ከግራር ሙጫ የተሠራ ነበር፤ ይኸውም ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ቆላ ተለቅሞ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሙጫ መሆኑ ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጫነው ካፕሱሉ ይፈነዳና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከታችኛው ወረቀት ላይ ጽሕፈቱን ያወጣዋል። እንዲሁም የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስቶች በ1959 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት የማይዋሐዱ ፈሳሾች በሚነካኩበት ስፍራ ላይ ናይሎን እንደሚሠራ አሳይተዋል። ስለዚህ በ1960ዎቹ ዓመታት ዘይትን በቅርፊት ማሸግም ሆነ በሁለት ፈሳሾች ድንበር ላይ ፖሊመር መሥራት የታወቀ ነገር ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ፔንዎልት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1971 ፓተንት አገኘ። ዘዴው አንደኛውን የናይሎን መሥሪያ ኬሚካል በመድኃኒቱ ዘይት ውስጥ፣ ሁለተኛውን በውሃው ውስጥ አድርጎ፣ ሁለቱ በየነጠብጣቡ ገጽ ላይ ሲገናኙ ቅርፊቱ በዚያው እንዲሠራ ማድረግ ነበር። በ1974 ለገበያ የቀረበው ፔንካፕ ኤም የተባለው መድኃኒት የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። በውስጡ የታሸገው ሜቲል ፓራቲዮን እጅግ መርዛም ስለ ሆነ፣ ቅርፊቱ መድኃኒቱን ለሚረጨው ሰው ያለውን አደጋ ቀንሶታል። ነገር ግን ካፕሱሎቹ በመጠናቸው ከአበባ ዱቄት ጋር ተመሳሳይ ስለ ነበሩ ንቦች እየለቀሙ ወደ ቀፎ ያስገቧቸው ጀመር፤ በዚህም ንብ አርቢዎች ብዙ ተጎድተዋል። ፓተንት የአዲስነት ምስክር እንጂ የደኅንነት ምስክር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ከፔንዎልት በኋላ የመጣ ሰው «እኔም በቅርፊት አሽጌአለሁ» ቢል በቂ አልነበረም። በ1981 ሁለት ሌሎች ኩባንያዎች ፓተንት ያገኙት እያንዳንዳቸው ከቀደመው የሚለያቸውን አንድ ነገር ለይተው በማሳየታቸው ነው። ስቶፈር የተባለው ኩባንያ ማመልከቻውን በመጀመሪያ ያስገባው በ1972 ነበር። የእርሱ ልዩነት ሁለተኛውን ኬሚካል ማስቀረቱ ነው፤ ቅርፊት የሚሆነው ኬሚካል በዘይቱ ውስጥ ብቻ ይጨመርና ከፊሉ ከውሃው ጋር ሲነካካ ተለውጦ ከቀረው ከራሱ ወገን ጋር እየተያያዘ ቅርፊቱን ይሠራል። ባለሙያ ሁሉ ሁለት ኬሚካል ያስፈልጋል ብሎ በሚያምንበት ጊዜ ባንዱ ብቻ መሥራት ለተራ ባለሙያ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የሁለተኛው ኩባንያ፣ የሞንሳንቶ ጉዳይ ለነጋዴ የበለጠ ትምህርት አለበት። ቀደም ባሉት ዘዴዎች የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ለማድረግ ሲሞከር ኢመልሽኑ ስለማይጸና ነጠብጣቦቹ ይያያዙ ወይም ፈሳሹ ረግቶ ለመቅዳት ያስቸግር ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳስቶ ይሠራ ነበር፤ ሳስቶ የተሠራ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ለውሃ የመርከብ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። የሞንሳንቶ ኬሚስቶች ሊግኖሰልፎኔት የተባለውን ነገር በአዋሃጅነት በመጨመር ባንድ ሊትር ውስጥ 480 ግራምና ከዚያም በላይ የአረም ማጥፊያ የያዘ የካፕሱል ዝግጅት ሊሠሩ ቻሉ። ሊግኖሰልፎኔት ከእንጨት ወረቀት ሲሠራ የሚተርፍ፣ በዋጋው ርካሽ የሆነና ባለሙያዎች ለሌላ ሥራ ከዚያ በፊት የሚያውቁት ነገር ነው። ቅርፊቱም፣ መድኃኒቱም፣ አዋሃጁም እያንዳንዳቸው አሮጌ ነበሩ። ቢሆንም በዚህ ቦታና በዚህ መጠን ሲገናኙ ይህን ውጤት እንደሚሰጡ ቀዳሚው ጥበብ ስላላስተማረ ፓተንቱ ተሰጠ። እነዚህ ፓተንቶች ሁሉ ከ2000 በፊት ዘመናቸው አልቆአል፤ ዛሬ ማንም ፋብሪካ በነጻ ሊሠራባቸው ይችላል።

በአንጻሩ ልዩነቱ ከቁጥር ያላለፈ ሰው ይወድቃል። የአሜሪካ የጉምሩክና የፓተንት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1955 ባንድ የኬሚካል ጉዳይ ላይ እንደ ፈረደው፣ አጠቃላዩ ዘዴ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ በተለመደ ሙከራ እየጨመሩና እየቀነሱ የተሻለውን መጠን ማግኘት ፈጠራ አይባልም። ፖሊመሩን ከመቶ አምስት ወደ ከመቶ ሰባት ያሳደገ ሰው፣ ስድስትና ሰባት ላይ የተለየ ነገር መድረሱን ካላሳየ በስተቀር፣ ያደረገው ወጥ ቀምሶ ጨው ከመጨመር አይበልጥም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2007 የታወቁ ነገሮች በታወቀ መንገድ ተገናኝተው የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ከሰጡ ፓተንት እንደማይገባቸው አጥብቆ ወስኖአል። በአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ደግሞ መርማሪው ከቀደሙት ሁሉ ለአዲሱ ቅርብ የሆነውን አንዱን ይመርጥና፣ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አዲሱ ያቃለለው ችግር ምን እንደ ሆነ አመልካቹን ይጠይቃል።

ከዚህ የተነሣ የፓተንት ዕጣ የሚወሰነው በማነጻጸሪያ ሙከራ ነው። አመልካቹ አዲሱን ድብልቅ ማነጻጸር ያለበት ከደካማው አሮጌ ዝግጅት ጋር ሳይሆን እጅግ ከሚቀርበው ጋር ነው፤ ሁለቱም ባንድ መጠን፣ ባንድ ዓይነት ሰብልና ባንድ የአየር ጠባይ መረጨት አለባቸው። የሚመቸውን ውጤት ብቻ መርጦ ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል የፕሮፓኒል ጉዳይ አሳይቶአል። ፕሮፓኒል ሩዙን ሳይጎዳ አረሙን የሚገድል መድኃኒት ነው። ሞንሳንቶ በዚህ ኬሚካል ላይ በ1968 ፓተንት አግኝቶ ሮም ኤንድ ሃስ የተባለውን ተወዳዳሪውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ኬሚካሉ እስከ 1902 ድረስ ወደ ኋላ በሚሄድ ቀዳሚ ጥበብ ውስጥ በተዘዋዋሪ የተገለጸ ነው ብሎ ፓተንቱን ሻረው። ይግባኝ ሰሚውም በ1972 ለፓተንት መሥሪያ ቤቱ የቀረበውን የማነጻጸሪያ ሙከራ፣ ተመሳሳይ ኬሚካሎች ያስገኙት ውጤት ተሟልቶ ያልቀረበበት ነው ሲል ነቀፈው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሮም ኤንድ ሃስ ራሱ በ1974 ሌላ ፓተንት አገኘ፤ ይህም በኬሚካሉ ላይ ሳይሆን ኬሚካሉን በሰብል መካከል ያለውን አረም ለማጥፋት በመጠቀም ዘዴ ላይ ነበር። ፕሮፓኒልን ይሸጡ የነበሩ ሌሎች ነጋዴዎች ኬሚካሉ ነጻ ነው ብለው ሽያጩን ቀጠሉ፤ በየዕቃውም ላይ ገበሬው በሩዝ ማሳው ላይ እንዴት እንደሚረጨው የሚገልጽ መመሪያ ለጠፉ። ተከሰሱም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለሮም ኤንድ ሃስ ፈረደ፤ ኬሚካሉ ከዚህ ዘዴ በቀር ሌላ ጠቃሚ አገልግሎት ስለሌለው ባለ ፓተንቱ የሌሎቹን ሽያጭ ለመከልከል ይችላል ተባለ። በቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው የአጠቃቀም መመሪያ ሻጩን እንዴት ከፍርድ ቤት እንዳደረሰው ልብ ሊባል ይገባል።

ወደ መነሻው ደብዳቤ ስንመለስ፣ «በፓተንት የተጠበቀ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። ፓተንት የሚጸናው በሰጠው አገር ውስጥ ነው፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተሰጠ ፓተንት በኢትዮጵያ ካልተሰጠ በቀር በኢትዮጵያ ውስጥ አያስገድድም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት የወሰነው ዘመን ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርበት እንደሚችል ተጽፎአል። በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውንና ዘመኑ ያላለቀውን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰውም እስከ 10 ዓመት የሚጸና የአስገቢ ፓተንት እንዲሰጥ ተደንግጎአል። ለአስመጪዎች ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይኸው አዋጅ ፓተንት በፈጠራው ውጤት ላይ ብቻን የማስመጣት ሞኖፖል እንደማይሰጥ መደንገጉ ነው። ከአዋጁ ወዲህ የተለወጠ ነገር መኖር አለመኖሩን ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቆ ማረጋገጥ ነጋዴው ለጠበቃ ከሚከፍለው ያነሰ ድካም ነው። ይህም ሆኖ ፓተንት ያለው መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በጸረ ተባይነት ካልተመዘገበ አይገባም፤ የተመዘገበውም ቢሆን በመመዝገቡ ብቻ ባለ ፓተንት አይሆንም። ሁለቱን የሚያምታቱ ወኪሎች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ አንድ አስመጪ ሁለት ዋጋ ቀርቦለታል እንበል። አንደኛው ፋብሪካ «በፖሊመር ቅርፊት የታሸገ፣ ባለ ፓተንት» ይላል፤ ሁለተኛው ይህንኑ መድኃኒት በተመሳሳይ ካፕሱል፣ ነገር ግን በርካሽ ያቀርባል። አስመጪው ለመጀመሪያው ፋብሪካ ከመፈረሙ በፊት የፓተንቱን ቁጥር፣ የሰጠውን አገርና ማመልከቻው የገባበትን ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ አለበት። ቁጥሩ ከተገኘ ጽሑፉን ማንበብ አይቸግርም፤ ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራው ለሕዝብ በመገለጹ ምክንያት ስለ ሆነ ጽሑፉ ምስጢር አይደለም። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩት አንቀጾች የመብቱን ወሰን የሚያሳዩ ናቸው፤ ከነሱ በፊት ያለው ረጅም ገለጻ የቱንም ያህል ቢያምር ወሰኑን አያሰፋውም። ወሰኑ ባንድ ዓይነት ፖሊመርና ባንድ ዓይነት አዋሃጅ የታጠረ ከሆነ፣ በሌላ ፖሊመር የተሠራው የሁለተኛው ፋብሪካ ዕቃ ከአጥሩ ውጭ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ቁጥሩን ለመስጠት ቢያመነታ፣ ወይም የሰጠው ቁጥር ገና በምርመራ ላይ ያለ የማመልከቻ ቁጥር ሆኖ ቢገኝ፣ በዋጋው ላይ የተጨመረው ገንዘብ ስለ ምን እንደሚከፈል አስመጪው ተጨማሪ ጥያቄ የማቅረብ ምክንያት አለው። ለመድኃኒቱ ብልጫ ከሆነ፣ ከቅርብ ተወዳዳሪው ጋር ጎን ለጎን የተደረገው ሙከራ ውጤት ከፋክቱሩ ጋር እንዲላክለት ይጠይቅ።